የአንዲት ሰያፍ መስመር ዋጋ፦ ስለ መንጠቆ ቁጥርና ስለ ለስላሳው ዓሣ መሳይ ማጥመጃ

(ከቡሬ የተላከ)

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው መርከብ ሲሰጥም ወይም ገበያ ሲወድቅ ብቻ እንዳልሆነ የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ሁሉ ያውቁታል። አንዳንድ ጊዜ በወረቀት ላይ የተዘለለች አንዲት መስመር ብቻ የአንድ ዓመት ትርፍ ይዛ ትሄዳለች። ስለ በርበሬ፥ ስለ በቆሎና ስለ ኑግ ገበያ የሚጽፉ ሰዎች ሞልተዋልና፥ እኔ ዛሬ ማንም ከቁም ነገር ስላልቆጠረው ስለ ዓሣ መንጠቆ ጥቂት ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። ይኸውም ጥፋቱ የራሴ ስለ ሆነ ትምህርቱን ብቻዬን ይዤ ልቀመጥ አይገባኝም በማለት ነው።

አሠሪዬ በቡሬ ከተማ የብረታ ብረትና የልዩ ልዩ ዕቃ መደብር፥ በፍኖተ ሰላምም አንድ ቅርንጫፍ ሱቅ አላቸው። እኔም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ከፈጸምሁ ጀምሮ ደብዳቤያቸውን እጽፋለሁ፤ መዝገባቸውንም እይዛለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በብርና በፈጣም ወንዞች ዳር የሚኖሩ ደንበኞች «የምትሸጡልን መንጠቆ ይቃናል፥ ዓሣው ይዞት ይሄዳል» እያሉ በተደጋጋሚ አመለከቱ። አሠሪዬም ከሌላው ዕቃ ጋር ጠንካራና ተለቅ ያለ መንጠቆ ከውጭ እንዲመጣ ወሰኑ። በመረጡት ናሙና ላይ የተጻፈው ቁጥር 1/0 ነበር። እኔ ግን የትእዛዙን ወረቀት ስሞላ፥ የባንኩ ሰዓት እንዳያልፍብኝ ቸኩዬ ነበርና በመካከል ያለችውን ሰያፍ መስመር ዘልዬ 10 ብዬ ጻፍሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው ሆነ።

ዕቃው ጉምሩክን አልፎ ቡሬ በደረሰ ጊዜ የመጀመሪያውን ካርቶን በባንኮኒው ላይ ከፈትን። ከውስጡ የወጡት መንጠቆዎች ከጤፍ ነዶ ላይ የተነቀለ ገለባ የሚያህሉ ነበሩ። አሠሪዬ አንዱን በሁለት ጥፍራቸው አንሥተው ወደ ብርሃን አቀረቡና፥ «ልጄ፥ ይህ ዓሣ ለመያዝ ነው ወይስ ትንኝ ለመያዝ?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ነገር ግን ያ ገንዘብ በስንት ምልልስ የተገኘ የውጭ ምንዛሪ እንደ ነበረ ሁለታችንም እናውቅ ነበርና፥ ዝምታቸው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ሻጩ ኩባንያም በጻፍንለት ጊዜ የታዘዘውን በትክክል እንደ ላከ የራሴን ወረቀት አባሪ አድርጎ መለሰልን።

እንግዲህ ለባለሱቆችና ለአስመጪዎች በመጀመሪያ የምነግራቸው ይህን ነው። የመንጠቆ ቁጥር ሁለት መንገድ ይሄዳል። ተራው ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ መንጠቆው እያነሰ ይሄዳል፤ ቁጥር 10 ከቁጥር 6፥ ቁጥር 6ም ከቁጥር 1 ያንሳል። ከቁጥር 1 በላይ ላለው ግን ቁጥሩ በሰያፍ መስመርና በዜሮ ይጻፋል፤ 1/0፥ 2/0፥ 3/0 እያለ ሲጨምር መንጠቆውም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ 10 እና 1/0 በወረቀት ላይ እንደ መንታ ቢመሳሰሉም በውኃ ውስጥ ግን ግልገልና በሬ ናቸው። ከዚህም ሌላ የአንዱ ፋብሪካ 2/0 ከሌላው ፋብሪካ 2/0 ጋር ሁልጊዜ እኩል አይሆንም። ከዚያ ጊዜ ወዲህ እኔ ቁጥሩን በአኃዝም በፊደልም እጽፋለሁ፤ የመንጠቆውን ቁመትና በግንዱና በጫፉ መካከል ያለውን ስፋት በሚሊሜትር ለክቼ አስገባለሁ፤ ሥዕሉንም በነጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ከብቤ አባሪ አደርጋለሁ። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ሩብ ሰዓት ነው።

በዚያው ካርቶን ውስጥ ሻጩ በነጻ የላከው አንድ የናሙና ጥቅል ነበር። በውስጡም ጣት የሚያህሉ፥ ሲነኳቸው እንደ ጎማ የሚለሰልሱ፥ ጅራታቸው የሚወዛወዝ የዓሣ ምስሎች፥ ከነርሱም ጋር ግንዳቸው ላይ እርሳስ የተጣበቀባቸው እንግዳ መንጠቆዎች ተቀምጠው ነበር። ማን ያውቀዋል? የሱቁ ልጆች መጫወቻ መስሏቸው ሁለቱን ለሕፃናት ሸጡ፤ የቀረው በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለበሰ። ምሥጢሩ የተገለጠልን ከአሜሪካ ለፋሲካ በዓል የመጣ የአሠሪዬ የእኅት ልጅ ጥቅሉን ባየ ጊዜ ነው። «እትዬ እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ፥ በዚህ ነገር ስንት ቅዳሜ እንዳጠፋሁ በነገረቻችሁ ነበር» ብሎ ሳቀ።

የነገሩ ታሪክ እንደሚከተለው ነው። በሰሜን አሜሪካ ባስ የሚባል፥ አፉ ሰፊ የሆነ፥ በሣርና በግንድ ሥር ተሸሽጎ ትንንሽ ዓሣ የሚያድን ዓሣ አለ። እርሱን ለማጥመድ የሚወጣው ሕዝብ እጅግ ብዙ በመሆኑ የማጥመጃው ንግድ ራሱን የቻለ ታላቅ ንግድ ሆኗል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ኒክ ክሪም የሚባል የኦሃዮ ግዛት ሰው ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ የትል ምስል አወጣ። ዛሬ በየአገሩ የሚሠሩት ለስላሳ ትሎች፥ እንቁራሪቶችና ዓሦች ሁሉ የዚያ ትል ልጆች ናቸው። ባስ በጎጃም ውኃ ውስጥ አይገኝም። ለእኛ ቀረብ ባለ አገር የሚታወቅበት ስፍራ እ.አ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት የተጨመረበት የኬንያው የናይቫሻ ሐይቅ ነው።

ባስ ከሌለን ታዲያ ዕቃው ምን ይጠቅመናል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ በቅርባችን በጣና ይገኛል። በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ወገን በሊቃውንት ጥናት 15 ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ 8ቱ እንደ ባስ ሌሎች ዓሦችን እያደኑ የሚበሉ ናቸው። የነጭ ዓሣ ወገን በዓባይና በገባሮቹም ተሠራጭቶ ይኖራል። ሆኖም ልዩነት አለ። የእኛ ነጭ ዓሣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ አፉም እንደ ባስ አፍ ሰፊ አይደለም፤ ስለዚህ የሚውጠው ከራሱ ቁመት ሩቡን የማያልፍ ትንሽ ዓሣ ነው። ከዚህ የሚገኘው የንግድ ትምህርት ግልጽ ነው። ለአሜሪካ ባስ የሚሆነውን ስንዝር ሊሞላ የሚቃረብ ምስል ያስመጣ ነጋዴ በመደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል። ለእኛ ውኃ የሚስማማው ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ያለው ነው፤ ከእርሱም ጋር ቁጥር 1 ወይም 1/0 መንጠቆ ይሄዳል።

የእርሳሱም ክብደት በካርቶኑ ላይ በአውንስ ተጽፎ ስለሚመጣ ባለሱቁ ማወቅ ይገባዋል። አንድ ስምንተኛ አውንስ 3 ግራም ተኩል ያህል፥ አንድ አራተኛ አውንስ 7 ግራም ያህል ነው። ቀላሉ ለጥልቀት አልባና ለረጋ ውኃ፥ ከባዱ ለጥልቅና ለፈጣን ውኃ ይሆናል። ክብደት በበዛ ቁጥር ምስሉ ሕይወት እንዳለው ዓሣ መዋኘቱን ትቶ እንደ ድንጋይ ይወርዳልና፥ ወደ ታች ለመድረስ ከሚበቃው በላይ መጨመር ጥቅም የለውም።

ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር አሰካኩ ነው። ደንበኛ ዕቃውን ገዝቶ አልሠራልኝም ብሎ የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ አጣሞ ስለ ሰካው ነው። እንግዳችን በባንኮኒው ላይ እንዳስተማረን ሥርዓቱ የሚከተለው ነው።

መንጠቆው ከላይ ክር የሚታሰርበት ቀዳዳ፥ ከቀዳዳው ሥር የተንጠለጠለች ትንሽ ሞላ፥ በግንዱ ላይ የተጣበቀ እርሳስ፥ ከዚያም ቆልማማውና ጫፉ አለው። በመጀመሪያ የምስሉን አፍንጫ በትክክል ከመካከሉ ላይ በሞላዋ ጫፍ አስነክቶ፥ አፍንጫው እስከ ቀዳዳው ድረስ እስኪጠጋ እንደ ብሎን ማዞር ነው። ሞላዋ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካዘነበለች አውጥቶ እንደ ገና መጀመር ይገባል። ቀጥሎ መንጠቆውን ከምስሉ ጎን አስተኝቶ ቆልማማው የትኛው ስፍራ ላይ እንደሚደርስ በዓይን መለካትና በሚስማር ጫፍ ምልክት ማድረግ ያሻል። ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል፤ ጥፋቱም ከዚህ ይጀምራል። ምልክቱ ወደ ፊት ከቀረበ ምስሉ ይጎብጣል፤ ወደ ኋላ ከራቀ ይለጠጥና በመጀመሪያው ውርወራ ይቀደዳል።

ምልክቱ ከተደረገ በኋላ ምስሉን ትንሽ ማጠፍ፥ የመንጠቆውን ጫፍ ከሆዱ በኩል አስገብቶ በጀርባው መካከል በቀጥታ ማውጣት ነው። አሁን እርሳሱ ከሆዱ ሥር፥ ጫፉ ከጀርባው ላይ ይሆናል። ምስሉን ለቅቆ ሲያዩት ከአፍንጫ እስከ ጅራት እንደ ተዘረጋ ክር ቀጥ ማለት አለበት። በመጨረሻ ጫፉን በጀርባው ቆዳ ውስጥ እንደ ስፌት መርፌ ጥቂት ብቻ መሸሸግ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ሣርና ሥር አይዘውም፤ ዓሣው ሲነክሰው ግን ለስላሳው አካል ይጨመደድና ጫፉ ይወጣል። የተሸሸገ ጫፍ በመሆኑም አጥማጁ ዓሣው እንደ ያዘ ሲሰማው ክሩን በብርታት መሳብ ይኖርበታል። ሞላ የሌለው መንጠቆ ከሆነ ደግሞ ጫፉን ከአፍንጫው አስገብቶ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በአገጩ ሥር ማውጣት፥ መንጠቆውን ጎትቶ መገልበጥ፥ አፍንጫውን በግንዱ መታጠፊያ ላይ ማሳረፍ፥ የቀረውንም ከላይ እንደ ተነገረው መፈጸም ነው።

ሥራው ልክ መሆኑን የሚያረጋግጠው ውኃው ነው። ከዳር ሆኖ አንድ ክንድ ያህል መጎተት ይበቃል። ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ጅራቱ ከተወዛወዘ መልካም ነው፤ በጎኑ ከተገለበጠ ወይም ከተሽከረከረ ግን ጠማማ ነው፤ ክሩንም ያጠመዝዘዋልና አውጥቶ እንደ ገና መስካት ያስፈልጋል።

የፋሲካ በዓል ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ ከአሠሪዬና ከእንግዳችን ጋር ወደ ብር ወንዝ ወረድን። ውኃው በጋ ስለ ነበረ ጎድሎ፥ ጠርቶም ነበር። የመጀመሪያውን እኔ ሰካሁት። ቸኩዬ ስለ ነበረ ተጣሞ ኖሮ፥ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ ክሩን ቋጠሮ በቋጠሮ አደረገው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነውና፥ አሠሪዬ ተመለከቱኝና፥ «ዛሬም መስመር ዘለልህ ልበል ወይ?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። ሁለተኛውን ለክቼና ምልክት አድርጌ ሰካሁት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ፥ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጥላ ሥር ክሩ ድንገት ከበደኝ። የወጣው ክንድ የማይሞላ አንድ ነጭ ዓሣ ነበር። በአጠገባችን በምድር ትል ያጠምዱ የነበሩ ሁለት እረኞች ግን በዚያው ጊዜ አራት ይዘዋል። ይህን የምጽፈው ዕቃውን ለማናናቅ ሳይሆን ነጋዴ እውነተኛውን ሚዛን እንዲያውቅ ነው።

ስለዚህ ገዢው ማን ነው? ለዕለት ምግቡ የሚያጠምድ ገበሬ አይደለም፤ እርሱ ትሉን ከጓሮው በነጻ ያገኛል። ገዢው ለመዝናናት ወደ ውኃ የሚወርድ የከተማ ሰው፥ ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጣ ወገናችንና ወደ ጣና የሚመጣ እንግዳ ነው። ቁጥሩ ጥቂት ነውና በጅምላ ሳይሆን በናሙና መጀመር ይሻላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ በስተጀርባ የተኛው፥ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ውኃ ግን ለዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሁሉ አዲስ በር ሊሆን ስለሚችል አስመጪዎች ዓይናቸውን ከእርሱ ላይ ባያነሡ መልካም ነው።

ያስመጣ ሰው አቀማመጡንም ይወቅ። ለስላሳው ፕላስቲክ የሚለሰልሰው በውስጡ ባለ ማለስለሻ ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ ወጥቶ ሌላ ጠንካራ ፕላስቲክ ያቀልጣልና፥ በተራ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ እንደ ሆነ ሣጥኑም ዕቃውም ይበላሻል። ጥቁሩና ነጩ በአንድ ላይ ከተቀመጡም ቀለማቸው ይጋባል። በመጣበት ከረጢት፥ ከፀሐይ በራቀ ስፍራ፥ ምስሉም ጠፍጥፎ እንጂ ታጥፎ ሳይሆን ይቀመጥ፤ አንድ ጊዜ የተጣመመ ምስል በውኃ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይዋኝም።

ከትርፍ ሌላ የኅሊናም ነገር አለ። በጣና ላይ እ.አ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረብ ከገቡ በኋላ፥ እ.አ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣ ምርት ወደ ሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ አጥኚዎች ጽፈዋል። ምክንያቱም ዓሣው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላሉን ለመጣል እንደ ግልገል ዓባይ ወዳሉት ወንዞች በሚወጣበት ወራት አፉ ላይ መረብ ስለሚጠብቀው ነው። በአንዳንድ ወንዝ ላይም የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ይበተናል፤ ይህም ትልቁንም ትንሹንም ያጠፋል። መንጠቆ ግን አንድ በአንድ ይይዛል፤ ያልተፈለገውም ትንሽ ዓሣ በሕይወቱ ይመለሳል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም ይህ ሀብት እንዳይጠፋ ነውና፥ ለገበያ የሚያጠምድ ደንበኛ አስቀድሞ የወረዳውን የግብርና ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቅ ባለሱቁ ቢመክረው ራሱን ይጠቅማል። ዓሣው ካለቀ መንጠቆ የሚገዛ አይኖርም።

ስለ እርሳሱም አንድ ቃል ልጨምር። እርሳስ መርዝነት አለው። እንግሊዝ አገር የውኃ ወፎች እየዋጡት ስለ ሞቱ እ.አ.አ. በ1987 የትንንሽ የማጥመጃ እርሳስ ሽያጭ ተከልክሏል፤ በዚህም ምክንያት ፋብሪካዎች ከተንግስተንና ከሌላ ብረት የተሠራ ማውጣት ጀምረዋል። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። የተጣለ ባትሪ ሰብሮ እርሳሱን በቤት ውስጥ እያቀለጠ መንጠቆ ላይ የሚያፈስስ ሰው ካለ፥ ጭሱ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው የራሱን ልጆች መሆኑን ንገሩት። ለስላሳው ምስልም አይበሰብስምና፥ የተቀደደው በውኃ ውስጥ ሳይጣል ወደ ቤት እንዲመለስ ማሳሰብ ይገባል።

የቁጥር 10 መንጠቆዎችስ ምን ሆኑ? ለእረኞችና ለተማሪዎች በትል ትንንሽ ዓሣ ማጥመጃ ሆነው በችርቻሮ እየተሸጡ ናቸው፤ ሦስት ዓመት አልፏቸው ገና ግማሹ በመጋዘን አለ። አሠሪዬ ከደመወዜ አንድ ብር አልቀነሱም። ነገር ግን ከእነዚያ መንጠቆዎች አንዱን በወረቀት ላይ ሰክተው ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ በላይ በግድግዳው ላይ አኖሩት። ትእዛዝ በምጽፍበት ጊዜ ሁሉ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነባለሁ።